በሩ ወዴት ይዙር?



ባለፈው ወር፣ አንድ እሑድ ከአምልኮ በኋላ፣ አንዲት እህታችን ደጅ ላይ ቆማ ጠበቀችን። መርካቶ ውስጥ የወጥ ቤት ዕቃ ሱቅ አላት፤ ዕቃዋን የምታመጣው ከቻይናዋ ጓንግዡ ከተማ ነው። «ፓስተር፣ ሳይቆጡኝ አንድ ነገር ልጠይቅዎት» አለችን። ነገሩ እንዲህ ነው። ዕቃ የምትረከብበት ቤት ባለቤት፣ ለብዙ ዓመት ደንበኝነቷ ብላ ስምንት ማዕዘን ያለው ትንሽ መስታወት ሰጥታታለች። «ከሱቅሽ በር በላይ ስቀይው፣ ለገበያ ጥሩ ነው» ብላታለች። እህታችንም ሰቀለችው። «ጌጥ ነው እንጂ አላመልከውም። ኀጢአት ነው?»

እውነቱን እንናገር። «አውርጂውና ጣይው» ብለን ወደ ቤታችን ልንሄድ ነበር። ምሳ ሰዓት ደርሷል፣ መልሱም የታወቀ ነው። ግን ዞር ልንል ስንል አንድ ነገር ጨመረች፦ «ፊት ለፊቴ ያለችው ጎረቤቴ ግን ይህን መስታወት ካየችው ጀምሮ ሰላምታዬንም አትመልስልኝ።»

ይህን ስትል ቆምን። ምክንያቱም ስለዚያ መስታወት ጥቂት እናውቅ ነበር።

ከዓመታት በፊት ለአንድ የአገልጋዮች ጉባኤ ሦስት መጋቢዎች ሆነን ወደ ሆንግ ኮንግ ሄደን ነበር። ጉባኤው ከሰዓት በኋላ ሲያበቃ፣ የአገሩ ሰው የሆነ አንድ ወንድም ሰፈሮቹን በእግር ያዞረን ነበር። ሼንግ ዋን በሚባለው ሰፈር የደረቀ ዓሣና የባሕር ምግብ የሚሸጥባቸው ሱቆች ተደርድረዋል፤ ሽታው ገና ከሩቅ ይቀበላል። ሻም ሹይ ፖ ደግሞ መርካቶን ያስታውሳል፦ ጨርቅ፣ ቁልፍ፣ የኤሌክትሪክ ዕቃ፣ ጠባብ መንገድ፣ የተሸካሚ ጋሪ። እኛን የሳበን ግን ከበሩ ግርጌ ያለው ነገር ነበር። በብዙ ሱቆች ደጃፍ መሬት ላይ ቀይ ትንሽ መሠዊያ አለ፤ ለመሬት አምላክ የተሠራ ነው። ጥቂት ብርቱካን፣ የሚጤስ ዕጣን። ቀና ሲሉ ደግሞ ከአንዳንዱ በር በላይ ያ ስምንት ማዕዘን መስታወት ይታያል።

ወንድማችን የነገሩን ይህ ነው። ፌንግ ሹይ ማለት በቀጥታ «ነፋስና ውሃ» ማለት ነው። በምድርና በቤት ውስጥ «ቺ» የሚባል የሕይወት ኃይል ይፈስሳል ብለው ያምናሉ፤ ነፋስ ይበትነዋል፣ ውሃ ይሰበስበዋል። ስለዚህ ሰው ቤቱን ሲሠራ፣ በሩን ሲያዞር፣ አልጋውን ሲዘረጋ፣ የገንዘብ መቀበያውን ሲያስቀምጥ ያንን ፍሰት ማወቅ አለበት። ትምህርቱ የተያያዘው ከ276 እስከ 324 ዓ.ም. (በአውሮፓ አቆጣጠር) ከኖረው ከጉዎ ፑ ስም ጋር ነው፤ በእርሱ ስም የሚጠራው መጽሐፍ የሚናገረው ግን ስለ ሕያዋን ቤት ሳይሆን ስለ መቃብር ነው። አባትህን በመልካም ስፍራ ከቀበርህ ልጆችህ ይከብራሉ የሚል ነው። እኛን ይህ አስገረመን። ዛሬ ሳሎን ለማሳመር የሚነገረው ነገር ሥሩ ሙታንን መፍራትና በሙታን በኩል በረከትን መፈለግ ሆኖ ተገኘ።

ደግሞም አናላግጥ። አንዳንድ ወገኖቻችን የሌላውን ሕዝብ እምነት ሲሰሙ ወዲያው ይስቃሉ፤ ይህ ወንጌልን አይረዳም። በዚህ ነገር ውስጥ ማስተዋል አለ። በሰሜን ቻይና ቤት ፊቱን ወደ ደቡብ ቢያደርግ የክረምት ፀሐይ ይገባለታል፣ የሰሜኑ ብርድ ነፋስም ጀርባውን እንጂ ደጃፉን አይመታውም። ከኋላ ተራራ፣ ከፊት ውሃ ያለው መንደር ከነፋስ ይጠበቃል፣ ለእርሻውም ውሃ ያገኛል። በሆንግ ኮንግ ገጠር ከመንደሮቹ ጀርባ የቆሙ የፌንግ ሹይ ደኖች አሉ፤ ሽማግሌዎቹ «ይህ ዛፍ ከተቆረጠ መንደሩ ይጎዳል» ብለው ስለጠበቋቸው ዙሪያው ሲራቆት እነርሱ ቀርተዋል። የአገራችን ገዳማትና አድባራት ዙሪያ የቀረውን ደን ያየ ሰው ይህን ለመረዳት አይቸገርም። (እኛ ጴንጤዎች በግቢያችን ዛፍ ሳይሆን ቆርቆሮና ድምፅ ማጉያ ነው የምናቆመው፤ ይህን ሌላ ቀን እንመለስበታለን።)

የእግዚአብሔር ቃልም ስለ ቤት አሠራር ዝም አላለም። ዘዳግም 22፥8 ላይ አዲስ ቤት የሚሠራ ሰው በጣሪያው ዙሪያ መከታ እንዲያደርግ ታዝዟል። ለምን? ሰው ከዚያ ወድቆ እንዳይሞትና ደሙ በቤቱ ላይ እንዳይሆን። ልብ በሉ፤ መከታው ለገንዘብ መምጫ አይደለም፣ ክፉ ኃይል ለመመለስም አይደለም። ለእንግዳው ነው። ጣሪያህ ላይ ለሚወጣው ጎረቤት ነው። ይህን አሳብ ያዙልን፤ ወደ መስታወቱ ስንመለስ ያስፈልገናል።

በዚያ ከተማ ሰማይ ጠቀስ ሕንፃዎቹም በዚህ አሳብ ይወራላቸዋል። የኤችኤስቢሲ ባንክ ዋና መሥሪያ ቤት በ1985 ተጠናቀቀ፤ ከሥሩ ክፍት አደባባይ አለው፣ ወደ ላይ የሚወስዱት ተንቀሳቃሽ ደረጃዎችም አግድም ዞረው የተቀመጡ ናቸው። ይህ ለፌንግ ሹይ ተብሎ ነው ይላሉ። ቆየት ብሎ በ1990 በአርክቴክቱ አይ ኤም ፔይ የተነደፈው የባንክ ኦፍ ቻይና ሕንፃ አጠገቡ ቆመ፤ ጠርዙ እንደ ቢላዋ የሾለ ነው። የከተማው ሰው ስለቱ ወደ ጎረቤቶቹ ክፉ ኃይል ይወረውራል ብሎ አወራ። ዛሬ ከኤችኤስቢሲ ጣሪያ ላይ እንደ መድፍ የተደገኑ ሁለት የጥገና ክሬኖች ይታያሉ፤ የተደገኑት ወደዚያ ሕንፃ ነው እየተባለ ይነገራል። እውነትም ይሁን ተረት፣ ሰው ሁሉ የሚያውቀው ታሪክ ነው። አራት ቁጥር በቋንቋቸው «ሞት» ከሚለው ቃል ጋር ስለሚመሳሰል ብዙ ሕንፃዎች አራተኛ፣ አሥራ አራተኛ ፎቅ የላቸውም፤ በአሳንሰሩ ላይ ከሦስት ወደ አምስት ይዘለላል። ስምንት ግን የብልጽግና ቁጥር ነውና ይወደዳል። የሆንግ ኮንግ መንግሥት ራሱ መንገድ ሲቆርጥ ወይም ኮረብታ ሲንድ፣ የገጠር ነዋሪዎች ፌንግ ሹያችን ተነካ ካሉ ለማስታገሻው ሥነ ሥርዓት ገንዘብ የሚከፍልበት አሠራር አለው።

አሁን ወደ መስታወቱ። ቤቶች ፊት ለፊት በተጠጋጉበት ሰፈር፣ ከማዶ ያለ ቤት ማዕዘን ወደ በርህ ከተደገነ «ሻ» የሚባል ክፉ ኃይል እየወረወረብህ ነው ይባላል። መስታወቱ ያንን ይመልሳል። ወዴት? ወደ መጣበት። ማለትም ወደ ማዶ። የማዶው ሰው ደግሞ መስታወቱን ሲያይ ዝም አይልም፤ እርሱም ይሰቅላል። ወንድማችን በያው ማ ቴይ በኩል ስንሄድ ፊት ለፊት የተያዩ ሁለት መስታወቶች አሳይቶን፣ «እነዚህ ሁለቱ ቤቶች አይነጋገሩም ማለት ነው» ብሎ ሳቀ። እኛም ሳቅን። መርካቶ ድረስ ይከተለናል ብለን አላሰብንም።

የእህታችን ጎረቤት ልጅ ቻይናዎች ዘንድ ይሠራል። መስታወቱ ምን እንደሚያደርግ ለእናቱ የነገራት እርሱ ነው። ሴትየዋ ምንጣፍና መጋረጃ ትሸጣለች፣ ሙስሊም ናት። ዘጠኝ ዓመት ፊት ለፊት ሲሠሩ አንዷ ስትጸልይ ሌላዋ ሱቅ ትጠብቃለች፣ ዝርዝር ብር ሲጠፋ ይበዳደራሉ፣ በጾም ጊዜ ካልሆነ በቀር ምሳ አብረው ይበላሉ። እንግዲህ አንድ ቀን ጠዋት ሱቋን ስትከፍት፣ የጎረቤቷ በር ላይ ክፉውን ወደ እርሷ የሚመልስ ነገር ተሰቅሎ አገኘች።

እህታችን የጠየቀችን «ኀጢአት ነው?» ብላ ነው። ብዙዎቻችን ይህን ጥያቄ ስንሰማ ወዲያው ወደ ጣዖት እንሄዳለን፤ ትክክልም ነው። ኢሳይያስ 65፥11 እግዚአብሔርን ትተው ለዕድል ማዕድ ስለሚያዘጋጁ ሰዎች ይናገራል። በዕብራይስጡ የዚያ የዕድል አምላክ ስም ጋድ ነው፤ ከእኛው «ገድ» ጋር በጆሮ ምን ያህል እንደሚቀራረብ እዩ። ገደኛ፣ ገደ ቢስ እንላለን። የጠዋቱ የመጀመሪያ ገዢ ዱቤ ከጠየቀ ቀኑ ተበላሸ የምንል ነጋዴዎች በጉባኤያችን መካከል አለን፤ ከነመዝሙራችን። ስለዚህ በቻይናዊው ላይ ጣት ከመቀሰራችን በፊት ባንኮኒያችንን እንይ። ሆኖም ጌታ ከሁሉ የሚበልጠውን ትእዛዝ ሲናገር ሁለተኛውን አጠገቡ አስቀምጧል። መስታወቱ የመጀመሪያውን ትእዛዝ ይነካል ብለን ስንከራከር፣ ሁለተኛውን በግልጽ እየሰበረ እንደሆነ አላየንም። የራሴ ሱቅ እንዲቀና ክፉው ወደ ማዶዋ ሴት ይሂድ ማለት ጸሎት ከሆነ፣ የማን ጸሎት ነው?

ስለ ምግብም አንድ ነገር ሳንናገር አናልፍም፤ ብዙ ወገኖች በውጭ አገር የሚቸገሩበት ነውና። በሆንግ ኮንግ የመጨረሻው ማታ ወንድማችን ዋንተን ወደሚባል ሾርባ ቤት ወሰደን። ቀጭን ፓስታ መሳይ ነገር፣ በስስ ሊጥ የተጠቀለለ ሽሪምፕ፣ ትኩስ መረቅ። ጠረጴዛዎቹ ጠባብ ናቸው፣ ከማታውቀው ሰው ጋር ትቀመጣለህ፤ ይህን ወደድነው፣ የአገራችንን ምግብ ቤት ይመስላል። በበሩ ጥግ ግን ያ ቀይ መሠዊያ አለ፣ ዕጣኑ ይጤሳል። ከሦስታችን አንዱ ማንኪያውን አስቀመጠ። «እኔ አልበላም» አለ። ሁለታችን በላን። በኋላ በሆቴሉ እስከ እኩለ ሌሊት ተከራከርን።

ጳውሎስ በ1ኛ ቆሮንቶስ 10 በዚህ ላይ የሰጠው ምክር ያስደንቃል። በገበያ የሚሸጠውን ሳትመራመሩ ብሉ፣ ምድርና ሞላዋ የጌታ ነውና ይላል። ነገር ግን አንድ ሰው «ይህ ለጣዖት የተሠዋ ነው» ብሎ ቢነግራችሁ፣ ስለ ነገረህ ሰው ስትል ተው ይላል። ሾርባው አልተለወጠም፤ የተለወጠው አጠገብህ ያለው ሰው ነው። እኛ የዚያን ማታ ስለ ሾርባው ትክክል ነበርን ብለን አሁንም እናምናለን። ያልበላው ወንድማችን ግን ርቦት ተኛ፣ እኛም የሚበላ ነገር ሳንፈልግለት ክርክሩን ለማሸነፍ ስንደክም አመሸን። በዚያ ላይ ተሳስተናል። ሰው በባዕድ አገር ሲኖር የጎረቤቱን ማዕድ ሁሉ እየጠረጠረ ሊኖር አይችልም፤ ከጓንግዡም ሆነ ከቤይሩት የሚጽፉልን እህቶች፣ የሠሪዋን ቤት መሠዊያ ወይም ክታብ አይተው ምግቡን የሚፈሩ ካሉ፣ ብሉ፣ አመስግኑ እንላቸዋለን። ዕጣኑን ራስሽ ለጣዖቱ አጢሺ ብትባዪ ግን ያ ሌላ ነገር ነው፤ በትሕትና እንቢ በዪ።

የሚያሳዝነው ገንዘቡ ነው። ፍርሃት ባለበት ሁሉ ፍርሃቱን የሚሸጥ ሰው አይጠፋም። የሆንግ ኮንግ ባለጸጋ የነበረችው ኒና ዋንግ በ2007 ስታርፍ፣ ቶኒ ቻን የሚባል የፌንግ ሹይ አዋቂ ሀብቷን ሁሉ ለእኔ ተናዝዛለች ብሎ ኑዛዜ ይዞ ቀረበ። ፍርድ ቤት በ2010 ኑዛዜው የተጭበረበረ ነው ብሎ ወሰነ፤ በ2013 ደግሞ ሰውየው በወንጀል ተፈርዶበት አሥራ ሁለት ዓመት ተቀጣ። እዚህ ላይ ብናቆም ታሪኩ ለስብከት ይመቸን ነበር። ግን ሰውየው ከፍርዱ በፊት ክርስቲያን ሆኛለሁ ብሎ ስሙንም ፒተር ብሎ ቀይሮ ነበር። ልቡን ጌታ ያውቃል፤ እኛ አንፈርድም። ይህን የምናነሳው «የእነርሱ አዋቂዎች አታላይ፣ የእኛ አገልጋዮች ንጹሕ» እያልን እንዳንተኛ ነው።

ምክንያቱም እህታችን ጨርሳ አልነበረም። «ፓስተር፣ መስታወቱን ምን አሳሰበኝ መሰለዎት? ያኔ የመጣው አገልጋይ ነው» አለችን። ከሁለት ዓመት በፊት አንድ ተጋባዥ አገልጋይ ወደ ጉባኤያችን መጥቶ ነበር። ከስብሰባው በኋላ ወደ ነጋዴዎች ሱቅ እየዞረ በር በዘይት ይቀባ ነበር። በእህታችን ሱቅ ደጃፍ ቆሞ፣ ዓይኑን ጨፍኖ፣ «ገበያሽን የሚይዝ መንፈስ ከፊት ለፊት ይመጣል» አላት። መቃኑን ቀባ፣ ወደ ማዶ እጁን ዘርግቶ ገሠጸ፣ ፖስታውን ተቀበለ። ገበያው ግን እንደነበረው ሆነ። ስለዚህ የጓንግዡዋ ሴት መስታወቱን ስትሰጣት፣ አዲስ ትምህርት አልነበረም የሰማችው፤ ከእኛ መድረክ የሰማችውን ነው።

ያንን ሰው የጋበዝነው እኛ ነን። ወደ ሱቆች እንደሚሄድ ሰምተን ነበር፤ ሰው በብዛት እየመጣ ስለነበር ዝም አልን። እኛም ራሳችን በአንድ የሱቅ ምረቃ ላይ ጸልየን ስንወጣ ፖስታ ኪሳችን ሲገባ አልመለስነውም። ጸሎቱ ለባለቤቱ፣ ለሠራተኞቹና ለደንበኞቹ ቢሆን ምንም ክፋት የለውም፤ በአዲስ ቤት መጸለይ መልካም ነው፣ ጌታም ደቀ መዛሙርቱ ወደሚገቡበት ቤት ሰላምን እንዲናገሩ አስተምሯቸዋል። ነገር ግን የጸሎቱ ዋጋ በሽያጩ መጠን ሲለካ፣ ዘይቱ በበሩ ላይ ሲቀባ ሰው በውስጡ የሚሰፍርበትን ሚዛን ማንም ሳይጠይቅ ሲቀር፣ ምሳሌ 11፥1 ላይ እግዚአብሔር የሚጸየፈው የትኛውን እንደሆነ ተጽፎ እያለ፣ ይህ በወንጌል ቃላት የተለበጠ ፌንግ ሹይ ነው። ቃሉ ከበድ ቢልም አንመልሰውም። መቃን መቀባትን በዘጸአት 12 የሚያስረዱ አሉ። በዚያች ሌሊት ደሙ ከሞት የሚያድን የጌታ ምልክት ነበር፤ እስራኤላዊው ደሙን ቀብቶ በማግስቱ ሱቅ አልከፈተም፣ ከግብፅ ወጣ እንጂ። የቤት ኪራይ አልቀነሰለትም።

ሐሙስ ዕለት ወደ መርካቶ ሄድን። እህታችን በርጩማ ላይ ወጥታ መስታወቱን ስታወርድ ጎረቤቷ ከማዶ ታያለች፤ ምንም አትልም። ቀርበን ሰላም አልናት፣ ማን እንደሆንን ነገርናት። እህታችን መስታወቱን በጋዜጣ ጠቅልላ፣ «ምን እንደሆነ አላወቅኩም ነበር፤ ካወቅሁ በኋላም ሳላወርደው ቆየሁ። አፉ በይኝ» አለቻት። ሴትየዋ ረጅም ጊዜ ዝም አለች። ከዚያ በእጇ ወደ መቃኑ አመለከተች። የዘይቱ ነጠብጣብ በአቧራ ጠቁሮ እስካሁን ይታያል።

«ያንንስ የቀባው ሰውዬ? እጁን ወደ እኔ ሱቅ ዘርግቶ ሲጮህ እኮ እዚሁ ቁጭ ብዬ ነበር» አለች።

እህታችን ወደ እኛ ዞረች። የምንለው አልነበረንም። ሰውየውን ያመጣነው እኛ መሆናችንን ነገርናት፣ ይቅርታም ጠየቅናት። ልጇን ጠርታ ሦስት ሻይ አዘዘች፤ እህታችን ሳሙናና ጨርቅ ፍለጋ ወደ ሱቋ ገባች።